ስድስት አጋቾች፣ ሁለት ታጋቾች

በ1964፣ ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት በተዘጉበት ወቅት፣ በአሜሪካ የጋዜጣ መሸጫዎች ከወትሮው ወፈር ያለ አንድ የኮሚክስ መጽሔት ቀረበ። ባለ 72 ገጽ ነው፤ ዋጋው 25 ሳንቲም። ተራው ወርኃዊ እትም በ12 ሳንቲም ይሸጥ ስለነበረ ገዢው ልጅ ከእጥፍ በላይ መክፈል ነበረበት። ለዚህ ጭማሪ የቀረበለት ማባበያ ቀላል ነው፤ እስከዚያ ድረስ በልዩ ልዩ እትሞች አንድ በአንድ የተሸነፉ ስድስት ክፉዎች በአንድነት ተማምለው በስፓይደርማን ላይ ተነሥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን የጻፈው ስታን ሊ፣ የሣለው ስቲቭ ዲትኮ ነው፤ ዲትኮ በታሪኩ አወጣጥም ትልቅ ድርሻ ነበረው። የክፉዎቹ ማኅበር በእንግሊዝኛ «ሲኒስተር ሲክስ» ይባላል። «ሲኒስተር» ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ «ግራ» ማለት ነው፤ በጊዜ ብዛት ግን የመጥፎ ገድና የተንኮል ስም ሆነ። አማርኛም ግራን ከመደናገርና ከመቸገር ጋር ስለሚያያይዝ (ግራ ገባው፣ ግራ ተጋባ እንደሚባለው) ነገሩ ለጆሯችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ይሁንና «ስድስቱ ግራዎች» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው የፖለቲካ ድርጅት እንዳይመስለው ያሰጋል፤ እዚህ ላይ ስድስቱ ክፉዎች ማለቱ ይበቃል።

የሤራው ጠንሳሽ ዶክተር ኦክቶፐስ ነው። የአቶም ሳይንቲስት የነበረ፣ በቤተ ሙከራ በደረሰ አደጋ አራት የብረት እጆች ከገላው ጋር የተጣበቁበት ሰው ነው። ታሪኩ ሲጀመር እስር ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ የብረት እጆቹም ከእርሱ ተነጥለው ሌላ ቦታ ተቆልፎባቸዋል። እርሱ ግን በሐሳቡ ብቻ ከሩቅ ሊያዛቸው እንደሚችል ይደርስበታል፤ እጆቹም መጥተው ጌታቸውን ያስፈቱታል። ከወጣ በኋላ የሚጠራቸው ሰዎች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር ነው፤ በስፓይደርማን እጅ ተዋርደዋል። እነርሱም ክንፍ ለብሶ የሚበረው ሽማግሌው ቫልቸር፣ ከሰውነቱ መብረቅ የሚለቀው ኤሌክትሮ፣ በሲኒማ ሥራ የተማረውን የማታለል ጥበብ ለወንጀል ያዋለው ሚስቴሪዮ፣ ገላውን ወደ አሸዋ የሚለውጠው ሳንድማን፣ እንዲሁም አዳኙ ክሬቨን ናቸው።

ተሰብስበው የመከሩት ስለ ባንክ ዘረፋ አይደለም፤ ስለ መንግሥት ግልበጣም አይደለም። የፈለጉት አንድ ሰው መግደል ነው። ችግሩ የሰውየውን ቤት አያውቁም፤ ስሙንም መልኩንም አያውቁም። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ቀጠሮ ቦታ ማምጣት የሚቻለው የሚሳሳለትን ሰው በመያዝ ነው። ዶክተር ኦክቶፐስ ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት በወጣው በ12ኛው ቁጥር ቤቲ ብራንት የተባለችውን የዴይሊ ቢዩግል ጋዜጣ ጸሐፊ አግቶ፣ ጀግናው ሊያድናት እንደመጣ ያስታውሳል። ስለዚህ ቤቲ እንደገና ትያዛለች።

በተያዘች ሰዓት ግን ብቻዋን አልነበረችም። የስፓይደርማን እውነተኛ ማንነት የሆነው የፒተር ፓርከር አሳዳጊ፣ አክስት ሜይ፣ ስለ ልጁ ተጨንቀው ሊያነጋግሯት መጥተው ነበር። አጋቾቹ ሁለቱንም ይወስዳሉ። ከስድስቱ አንዱም እንኳ የያዟቸው አሮጊት ጠላታቸውን ያሳደጉ ሴት መሆናቸውን አያውቅም። አሮጊቷም በበኩላቸው ታጋች መሆናቸውን አያውቁም። ዶክተር ኦክቶፐስ በትሕትና ስላነጋገራቸው ጨዋ፣ የተማረና ቤተሰብ ያሳደገው ሰው መስሏቸዋል፤ የሚፈሩት ያንን ጭንብል ለባሽ ስፓይደርማንን ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱን ስለማይለይ ይህ ቀልድ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ በአነጋገር ለዛ ብቻ ይታያል። በአማርኛ ቢሆን አንድ ፊደል ይበቃው ነበር፤ አጋችና ታጋች «እርስዎ» ሲባባሉ፣ ሊያድናቸው የመጣው ጀግና «አንተ» ይባላል።

መልእክቱን ወደ ጋዜጣው አዘጋጅ ወደ ጄ. ጆና ጄምሰን ያደረሰው ቫልቸር ነው። ስፓይደርማንን በየዕለቱ ሲያወግዘው የኖረው ጄምሰን አሁን ሰውየውን ማግኘት ሲቸግረው፣ ድር ላይ የተቀመጠች አንዲት ተራ ሸረሪት መልእክት አድርሺልኝ እያለ ሲለማመጣት ይታያል። ጀግናው ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ሊያስጥለው ይችል ስለነበረው ስለ አጎቱ ስለ ቤን ሞት በጸጸት ሲብሰለሰል፣ ኃይሉ በድንገት ጥሎት ሄዷል። ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ የሚሄደው ኃይል ሳይኖረው፣ እንደ ማንኛውም ወጣት ሊሞት እንደሚችል እያወቀ ነው። ኃይሉ የሚመለስለት ከኤሌክትሮ ጋር በኤሌክትሪክ ማመንጫው ውስጥ ፊት ለፊት ከተጋጠመ በኋላ ነው።

እስከዚህ ያለው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ታሪክ በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ ኮሚክስ ውስጥ እገታ እንደ ፈለጉ የሚጻፍበት ጉዳይ አልነበረም፤ ስለ እርሱ ተለይቶ የተጻፈ ደንብ ነበረ። ደንቡ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ 1930ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። እንግሊዝኛው «ኪድናፕ» የሚለው ቃል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ሲፈጠር ልጅ መንጠቅ ማለት ነበር፤ ሕፃናትን ከብሪታንያ ጎዳናዎች እየለቀሙ ለአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በአገልጋይነት የሚሸጡ ሰዎች ሥራ ነው። አማርኛ ይህን በአንድ ቃል አይጠራውም። አፈና አለ፤ ሰው ድምፁ ሳይሰማ ሲሰወር። እገታ አለ፤ ሰው ለመደራደሪያ ሲያዝ። ጠለፋ አለ፤ እርሱ ለአውሮፕላንም ለሙሽራም ይነገራል። ስድስቱ ክፉዎች ያደረጉት በትክክል እገታ ነው፤ ስለ ሦስተኛው ቃል ኋላ ይመጣል።

በጥቅምት 1931 ቼስተር ጉልድ የተባለ ሠዓሊ «ዲክ ትሬሲ» የተባለውን የመርማሪ ፖሊስ የጋዜጣ ኮሚክስ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ታሪክ ወንበዴዎች የትሬሲን የእጮኛውን አባት ገድለው ልጅቷን ይዘው ሲሄዱ የሚያሳይ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1932፣ እውነተኛው ደረሰ። አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው የቻርልስ ሊንድበርግ የ20 ወር ሕፃን ልጅ ኒው ጀርሲ ከሚገኘው ቤታቸው ከመኝታው ተወሰደ። 50,000 ዶላር የማስለቀቂያ ገንዘብ ተከፈለ። የሕፃኑ አስከሬን ግን በግንቦት 12 ቀን ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። የአሜሪካ ምክር ቤት በሚቀጥለው ወር እገታን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ በግድያው የተፈረደበት ብሩኖ ሪቻርድ ሃውፕትማንም በ1936 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ።

የዚያ ዘመን ወላጅ መስኮት ሳይቆልፍ አላደረም። ሆሊውድም ደነገጠ። የፊልም ሰሪዎች ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ስለ ወንጀል በወጣው ዝርዝር ውስጥ እገታን ለብቻው አንሥቶ ገደበው። እገታ የፊልሙ ዋና ጭብጥ እንዳይሆን፣ የሚታገተው ሕፃን እንዳይሆን፣ አፈጻጸሙ በዝርዝር እንዳይታይ፣ አጋቹ አንዳች ጥቅም እንዳያገኝበት፣ መጨረሻውም ቅጣት እንዲሆን አዘዘ። እነዚህን ነጥቦች ልብ ይሏል፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በሌላ ወረቀት ላይ ተመልሰው ይመጣሉና።

ኮሚክስ ግን በዚያን ጊዜ ገና ጠባቂ አልነበረውም። ልዕለ ኃይል ያለው ጀግና የተወለደበት፣ ሰኔ 1938 የሚል ቀን የታተመበት የ«አክሽን ኮሚክስ» የመጀመሪያ ቁጥር ሽፋን ላይ ሱፐርማን አረንጓዴ መኪና ተሸክሞ ከቋጥኝ ጋር ሲያላትመው ይታያል። ሥዕሉን የማያውቅ ጥቂት ነው። በመኪናው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን አድርገው እንደሆነ የሚያስታውሰው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ሎይስ ሌን የምትባለውን ጋዜጠኛ በጉልበት ይዘው ሲሸሹ የነበሩ ወንበዴዎች ናቸው። የዚህ ሁሉ ጀግንነት ታሪክ በር የተከፈተው በቡድን በተፈጸመ እገታ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ወንበዴው ልዩ ልብስ ለበሰ፤ ቀጥሎም ማኅበር አቋቋመ። በ1943 «ካፕቴን ማርቭል አድቬንቸርስ» በተባለው መጽሔት የተጀመረውና በ25 ክፍል እስከ 1945 የዘለቀው ታሪክ «የክፋት አውሬዎች ማኅበር» የሚባል ቡድን ነበረው፤ መሪው በድምፁ ብቻ እየታወቀ ቆይቶ በመጨረሻ መነጽር ያደረገ ትል ሆኖ ተገኘ። (በሥዕሎቹ ውስጥ ጥቁሮችና ጃፓናውያን የቀረቡበት መንገድ ዛሬ ለማየት የሚያሳፍር ነው።) በ1947 ደግሞ በ«ኦል ስታር ኮሚክስ» 37ኛ ቁጥር «የዓለም የግፍ ማኅበር» የተባሉ ስድስት ክፉዎች ጀግኖቹን ይዘው በፌዝ ችሎት ፊት አቀረቧቸው። ስድስት የሚለው ቁጥር ከዲትኮና ከሊ በፊትም ነበረ ማለት ነው። ይሁንና የእነዚህኞቹ ምኞት አገር መያዝ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ስለዚህም ቀዝቃዛ ነው። አንባቢው ልጅ አገር ሲወሰድ አይቶ አያውቅም። እናት ወደ ቤት ሳትመለስ ስትመሽ ግን ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በኮሚክስ ገበያ የተስፋፋው የወንጀልና የአስፈሪ ታሪክ ነው። ደም በዛ፤ ሽያጭም በዛ። ይህን የተቃወሙት ሰዎች ሁሉ ዕውቀት የጎደላቸው አክራሪዎች ተደርገው ሲነገር ይሰማል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ከተቃዋሚዎቹ ስመ ጥሩ የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ፍሬድሪክ ቨርታም ናቸው። በጀርመን ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ዶክተር ቨርታም በ1946 በሃርለም፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ሌላ ቦታ ሐኪም የማያገኙ ጥቁሮች በ25 ሳንቲም የሚታከሙበትን የላፋርግ ክሊኒክ የከፈቱ ሰው ናቸው። በዴላዌር ግዛት ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕፃናትን እንደሚጎዳ የሰጡት ምስክርነት፣ በ1954 የዘር ልዩነትን በትምህርት ቤት ወደሻረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ካደረሱት መዝገቦች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ሕፃናትን ይወዱ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በዚያው በ1954 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ኮሚክስ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል ብለው አጥብቀው ከሰሱ። ካሮል ቲሊ የተባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሐኪሙን ወረቀቶች መርምረው በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ዶክተሩ የልጆቹን ቃል እየቆራረጡና እየለዋወጡ ለክሳቸው እንዲመች አድርገው እንዳቀረቡት አሳይተዋል። የሚያሳዝን ነው። ልጆችን ለመጠበቅ ሲባል የልጆቹ ቃል ተጣመመ።

በሚያዝያና በሰኔ 1954 የአሜሪካ ሴኔት የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ በኒው ዮርክ ችሎት ተቀመጠ። ዊሊያም ጌይንስ የተባለው አሳታሚ የተቆረጠ የሴት ጭንቅላትና መጥረቢያ የያዘ ሰው የሚታይበትን የራሱን መጽሔት ሽፋን ለአስፈሪ ታሪክ ያልተጋነነ ነው ብሎ ሲከላከል በማግስቱ የጋዜጦች መሳለቂያ ሆነ። መንግሥት ሕግ ከማውጣቱ በፊት አሳታሚዎቹ ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው በጥቅምት 26 ቀን 1954 ደንብ አጸደቁ። ደንቡን ያከበረ መጽሔት በሽፋኑ ጥግ የቴምብር መልክ ያለው ማኅተም ይታተምበታል። ማኅተም የሌለውን አከፋፋዮች አይረከቡም ነበርና ደንቡ በስሙ ፈቃደኝነት፣ በተግባር ግን ግዴታ ነበር።

የደንቡ የመጀመሪያ ክፍል ስለ ወንጀል ከዘረዘራቸው ነጥቦች አንዱ እገታን ይመለከታል። ይዘቱ ከፊልሙ ደንብ የተቀዳ መሆኑ ግልጽ ነው፤ እገታ በዝርዝር አይታይም፣ አጋች ጥቅም አያገኝበትም፣ ምን ጊዜም ይቀጣል። ከአንድ ሕፃን መኝታ የተነሣ ፍርሃት በፊልም ሰሪዎች ጠረጴዛ ላይ አልፎ፣ ከ22 ዓመት በኋላ በኮሚክስ ሳጥኖች ውስጥ የሚሳለውን ነገር ወሰነ።

አሁን ወደ 1964ቱ መጽሔት ስንመለስ ነገሩ በሌላ ዓይን ይታያል። ስድስቱ ክፉዎች ገንዘብ አይጠይቁም። ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ መጽሔቱ ከመውጣቱ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1963፣ የዘፋኙ የፍራንክ ሲናትራ ልጅ ታግቶ 240,000 ዶላር ተከፍሎበት ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚያወራው እገታ ገንዘብ ያለበት ነበር። ሴቶቹ የሚያዙበት ሁኔታ በአጭሩ ይታለፋል። ከተያዙ በኋላም ገመድና ጨለማ አይታይም፤ የሚታየው ጨዋታ ነው። ሊና ዲትኮ ደንቡን እያሰቡ ይህን አደረጉ ብሎ መማል አይቻልም፤ ነገር ግን ማኅተሙ በሽፋኑ ላይ አለ፤ ታሪኩም በደንቡ ልክ የተሰፋ ነው። የሚያስደንቀው ጥበቱ አላሳነሰውም። ዝርዝሩ የተከለከለው እገታ በእንግድነት ተተካ፤ እንግድነቱም ከገመድ የበለጠ ያስፈራል። አንባቢው ልጅ አሮጊቷ የማያውቁትን ያውቃል። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው በትሕትና የሚያናግራቸውን ያህል ልጃቸውን ለመግደል እየጠበቀ ነው። ልጁ ገጹን ሲገልጥ ሊጮኽላቸው ይፈልጋል፤ መጮኽ ግን አይችልም።

የውጊያው አደረጃጀትም አስገራሚ ነው። ስድስት ሆነው ተማምለው ሲያበቁ፣ ስድስት ሆነው አይዋጉም። እያንዳንዱ ለራሱ የሚመች ቦታ መርጦ ለብቻው ይጠብቃል፤ የተሸነፈው የሚቀጥለው ቀጠሮ አድራሻ ያለበትን ካርድ ይተዋል። ክሬቨን ከአውሬዎቹ ጋር፣ ሚስቴሪዮ በሌሎች ጀግኖች መልክ በሠራቸው ማሽኖች ተከቦ፣ ሳንድማን አየር በማያስገባ ክፍል ውስጥ ይጠብቃል። ሳንድማን የሚወድቀው በቡጢ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ ስፓይደርማን ከእርሱ የበለጠ ትንፋሹን መያዝ ይችላል። ዶክተር ኦክቶፐስ ደግሞ እንደ ዓሣ ማኖሪያ ባለ ግዙፍ የመስተዋት ገንዳ፣ ውኃ ውስጥ ይጋጠማል። ዲትኮ ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ሙሉ ገጽ ሥዕል ሰጥቷል፤ ለተራ በተራው አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በታሪኩ ውስጥ ያለው ምክንያት ግን ኩራት ነው፤ ድሉን ለብቻው የማይፈልግ ከስድስቱ አንድም የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ተገልብጦ ይገኛል። ያላበሩት አሳሪዎቹ ናቸው፤ ድሩ ያለው በሚታደነው እጅ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ሐሳብ ወደ ሲኒማ ተሻገረ። በሐምሌ 1966 በወጣው «ባትማን» ፊልም ውስጥ አራት ክፉዎች፣ ጆከር፣ ፔንግዊን፣ ሪድለርና ካትውማን፣ ማኅበር ገጥመው ሁለት እገታ ያቅዳሉ። የመጀመሪያው ልክ እንደ ቤቲ ታሪክ ለወጥመድ ነው፤ ባትማን እንዲመጣ ባለጸጋውን ብሩስ ዌይንን ይይዛሉ፤ ብሩስ ዌይን ራሱ ባትማን መሆኑን አያውቁም። ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ነው። የዓለም መንግሥታት ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤትን ዘጠኝ አባላት፣ ውኃቸውን በሚመጥ መሣሪያ ወደ ባለ ቀለም ዱቄት ለውጠው በብልቃጥ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ዱቄቱ በመጨረሻ ተደባልቆ፣ ባትማን እንደምንም ለይቶ ውኃ ሲጨምርባቸው አምባሳደሮቹ በሕይወት ይነሣሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተናገረ ነው፤ ጭቅጭቃቸውንም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ፌዙ የታሰበ ነው። እገታ ዱቄት ሆኖ ሲታይ ግን አንድ ነገር ይጎድላል፤ የሚጠብቅ ዘመድ የለውም።

ዘመድ የሚጠብቀው እገታ ወደ ኮሚክስ የተመለሰው በ1973 ነው። በስፓይደርማን 121ኛ ቁጥር፣ ግሪን ጎብሊን የተባለው ክፉ የጀግናውን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ወስዶ ከድልድይ አናት ይወረውራታል፤ ስፓይደርማን በድሩ ይይዛታል፤ ነገር ግን ሞታለች። ጸሐፊው ጄሪ ኮንዌይ ገና ወጣት ነበር። በብዙ አንባቢዎች ዘንድ ይህ ሞት የአንድ ዘመን ፍጻሜ ሆኖ ይቆጠራል። አጋቹ በሚቀጥለው ቁጥር ሞቶ ይቀጣል፤ ደንቡ አልተጣሰም፤ ለልጅቷ ግን የፈየደው ነገር የለም። የደንቡን አርቃቂዎች ያሳሰባቸው አጋቹ ምን እንደሚያገኝ እንጂ ታጋቹ ምን እንደሚያጣ አልነበረም።

ጥቅም የሚለውን ቃል ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ አያልፈውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ መጥለፍን ይቀጣ ነበር፤ ነገር ግን ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ክሱ ይቀርለት ነበር። ጠላፊው የሚፈልገው ጋብቻውን ነው፤ ሕጉ ደግሞ ጋብቻውን ከወንጀሉ ማምለጫ አደረገለት። አንድ የአሜሪካ የልጆች መጽሔት አሳታሚዎች ማኅበር ከሦስት ዓመት በፊት ለሥዕል አጋቾች የከለከለውን ጥቅም፣ ሕጉ ለእውነተኛው ጠላፊ ትቶለት ነበር። ይህ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። በመካከሉ 47 ዓመት አልፏል።

አክስት ሜይና ዶክተር ኦክቶፐስም ወደ ጋብቻ ደርሰው ነበር። በ1967፣ በ54ኛው ቁጥር፣ ዶክተሩ መሸሸጊያ ፈልጎ ወደ ቤታቸው መጥቶ ክፍል ተከራየ፤ እሳቸውም ያንን ጨዋ ሰው ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። በሚያዝያ 1974፣ በ131ኛው ቁጥር፣ እንደገና በኮንዌይ ብዕር፣ ሽፋኑ ላይ ሙሽራና ሙሽሪት ሆነው ቀረቡ። አሮጊቷ ሳያውቁት በካናዳ የአቶም ኃይል ማመንጫ ያለባት ደሴት ወርሰዋል፤ ሙሽራው ያወቀው ይህንን ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ማንነታቸውን ሳያውቅ የያዛቸው ሰው፣ አሁን የንብረታቸውን ልክ ከራሳቸው አስቀድሞ ያውቃል። ሥርዓቱ ሳይፈጸም ሐመርሄድ የተባለው ሌላ ወንበዴ ደሴቲቱን ለራሱ ፈልጎ ሠርጉን በጠበንጃ በተነ። ሁለቱ ክፉዎች እዚያው ደሴቲቱ ላይ ተፋጠጡ፤ ሐመርሄድ በብረት ጭንቅላቱ ተንደርድሮ የአቶም ማብላያውን መታው፤ ፍንዳታውም ውርሱን ይዞ ሄደ። አክስት ሜይ ስፓይደርማን በሚነዳው አውሮፕላን አመለጡ።